ቀባሪ እንጂ ጧሪ የሌለበት ዓለም

ልጆችና የልጅ ልጆች በምድር ላይ ስለሌሉ ፍጡራን መልክና ወግ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲሟገቱ ብትሰሙ፣ «ሥራ ፈቶች» ብላችሁ ለማለፍ አትቸኩሉ። አጠገባቸው ቁጭ ብላችሁ ጥቂት ብታዳምጡ ክርክሩ ስለ እናንተም ሆኖ ልታገኙት ትችላላችሁ። ለዛሬ «ስታር ትሬክ» የሚባለውን የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ ምሳሌ አድርጌ ጥቂት ላጫውታችሁ።

ድራማው በቴሌቪዥን መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1966 ሲሆን ፈጣሪው ጂን ሮደንበሪ ነው። በጠፈር መርከብ የሚጓዙ ሰዎች በየደረሱበት የተለየ መልክና ወግ ያለው ሕዝብ ያገኛሉ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተከታታዮችና ፊልሞች ተጨምረውበታል። ታሪኩ እንዲህ ሲረዝም የፊተኛውና የኋለኛው የሚጣረሱበት ቦታ አይጠፋም። ወዳጆቹን የሚያሟግታቸውም ይኸው ነው።

ዋናው ምሳሌ የክሊንጎኖች ግንባር ነው። እነዚህ ተዋጊ ሕዝቦች በ1967 ሲታዩ ግንባራቸው እንደ ሰው ለስላሳ ነበር። በ1979 በወጣው ፊልም ግን አጥንቱ ጎርበጥ ብሎ መጣ። ገንዘብና ሜካፕ ስለተሻሻለ ነው ብሎ መዝጋት ይቻል ነበር። ወዳጆቹ ግን «በታሪኩ ውስጥ ምክንያቱ ምንድን ነው?» ማለታቸውን አልተዉም። በ1996 በታየ አንድ ክፍል ዎርፍ የሚባለው ክሊንጎን ሲጠየቅ፣ ለባዕድ የማንነግረው ጉዳይ ነው ብሎ አለፈው። መልሱ የመጣው በ2005 ነው። የክሊንጎን ሐኪሞች የሰውን ዘረ መል ተጠቅመው ብርቱ ተዋጊ ለመፍጠር ሲሞክሩ ሙከራው ወረርሽኝ ሆነባቸው፤ መድኃኒቱ ነፍሳቸውን ቢያተርፍም ግንባራቸውን ለስላሳ አድርጎ አስቀረው ተባለ። ለ26 ዓመታት የተጠበቀ መልስ ነው! ትናንት የተነገረው ከዛሬው ጋር ይስማማ ማለት የልጅነት ጠባይ ብቻ አይደለም። ቤታችን ውስጥም «ትናንት እንዲህ ብለሽ ነበር እኮ፣ አያቴ» የሚለን ልጅ የሚጠይቀን ይህንኑ ነው።

ከግንባሩ ይልቅ እኔን የያዘኝ የወጉ ክርክር ነው። በ1991 የታየ «ሀፍ ኤ ላይፍ» የሚባል አንድ ክፍል አለ። ቲሚሲን የተባለ የተከበረ ሳይንቲስት የአገሩ ፀሐይ እየሞተች ስለሆነ ሊያድናት ዕድሜውን ሙሉ ደክሟል። ነገር ግን 60 ዓመት ሊሞላው ነው። በአገሩ በኬይሎን ደግሞ 60 የሞላው ሰው ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ ይሸኘውና በገዛ ፈቃዱ ሕይወቱን ያበቃል። ልዋክሳና የምትባል በዕድሜ የገፋች ሴት ወደደችው፤ ነገሩን ስትሰማ ግን እሳት ሆነች። ልጆቻችንን ራሳቸውን በማይችሉበት ጊዜ እኛ ተሸክመናቸዋል፣ እኛ ስንደክም እነሱ ቢሸከሙን ምን ነውር አለው ባይ ናት።

የቲሚሲንም መልስ እንዲሁ የሚጣል አይደለም። ወጉ ከመምጣቱ በፊት፣ ይላል፣ ሽማግሌዎቻችን ለብቻቸው በተለየ ቤት ተቀምጠው በብቸኝነት ሞታቸውን ይጠብቁ ነበር፤ ወጉ የመጣው ከዚያ ውርደት ሊያድናቸው ነው። በኋላ ሐሳቡን ቀይሮ በመርከቧ ጥገኝነት ሲጠይቅ አገሩ የጦር መርከብ ላከች። ጥናትህንም አንቀበልም አሉት። ልጁ ዳራ መጥታ በአባቷ ማፈሯን ስትነግረው አልቻለም፤ ተመለሰ። ልዋክሳናም እስከ መጨረሻው ሸኘችው።

እዚህ ላይ ወዳጆቹ ለሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን «የመርከበኞቹ ዋና መመሪያ በሌላው ሕዝብ ጉዳይ አትግቡ ይላል፤ ካፒቴን ፒካርድ ጣልቃ ያልገባው ትክክል ነው» ይላል። ሌላው ደግሞ «ያው ፒካርድ በ1989 በታየው ክፍል የአንዲት ልጅ የድረሱልኝ ድምፅ ሰምቶ ፕላኔቷን አድኖ የለም ወይ? ለሕፃን የተጣሰ መመሪያ ለሽማግሌ ለምን ጠበቀ?» ይላል። እኔ ይህን ጥያቄ ያነሣ ልጅ ይባረክ እላለሁ። ለሕፃን ሁሉም ይራራል፤ ለአሮጌ የሚራራውን ነው ፈልጎ ማግኘት።

በእኛ ቋንቋ ልጅ «ጧሪ ቀባሪ» ይባላል። ኬይሎኖች ቀባሪውን አስቀርተው ጧሪውን ሰረዙት። እኛ ዘንድ በ60 ዓመት የሚመጣው ጡረታ ነው፤ ቃሉም ከ«ጦረ» የወጣ ነው። ሆኖም ቲሚሲን የፈራውን ብቸኝነት ለማየት ወደ ኮከብ መሄድ አያስፈልግም። በነርስነት ዘመኔ አልጋ ላይ ሆነው «ልጆቼን አላስቸግር» እያሉ ሕመማቸውን የሚደብቁ ብዙ አረጋውያን አስታምሜአለሁ። መድኃኒት ላለማስገዛት ብለው ክኒኑን ለሁለት የሚከፍሉ ነበሩ። ሌሊት ላለመቀስቀስ ብለው ውኃ የማይጠጡም ነበሩ። ይህ ትሕትና ይመስላል፤ ግን ሰውየው «ጊዜዬ አልፏል» ብሎ ለራሱ መወሰን የጀመረበት ምልክት ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ለልጆች ወላጆች አንድ ነገር ልንገራችሁ። አባት ወይም እናት «ሸክም ሆንኩባችሁ» ካሉ፣ «ኧረ ተዉ እንዲህ አይበሉ» ብላችሁ አትዝጉት። ቁጭ ብላችሁ ምን እንዳስባላቸው ጠይቁ። ምግብ ከቀነሱ፣ እንቅልፍ ካጡ፣ ይወዱት የነበረውን ነገር ከተዉ የእርጅና ነው ብላችሁ አትለፉት፤ ጤና ጣቢያ ውሰዷቸው። ሞትን የሚመኙ ከሆነ ደግሞ ለብቻቸው አትተዉአቸው፤ ዛሬውኑ ለባለሙያ አሳዩአቸው። የሚችሉትን ሥራም አትቀሟቸው፤ ቡናውን ይቁሉ፣ የልጁን ደብተር ይዩ፣ በቤቱ ጉዳይ ይጠየቁ። ሰው ምግብ ብቻ በልቶ አይጦርም።

ለእኛ ለአያቶችም ቃል አለኝ። ልዋክሳና ትክክል ናት፤ መጦር ልመና አይደለም። ግን ዳራንም አንርሳት። ክፉ ልጅ አልነበረችም፤ ያደገችበትን ወግ ነው የተናገረችው። ልጅ ስለ እርጅና የሚያስበውን ከቤቱ ይማራል። እኛ እናታችንን ስንጦር ካየን፣ እሱም እንደዚያ ነው የሚያውቀው። በእናታችን ስንሰለች ካየን ደግሞ ያንኑ ይይዘዋል።

እንግዲህ የልጅ ልጆቻችሁ ስለ ሩቅ ፕላኔት ሲከራከሩ ስታገኙ ጠጋ በሉና ሦስት ነገር ጠይቋቸው፦ ይህ ወግ ለምን መጣ? ማንን ጠቀመ፣ ማንን ጎዳ? አንተ ብትሆን ለአባትህ ምን ትለው ነበር? ለመጨረሻው የሚመልሱላችሁን በጥሞና ስሙ። የእናንተ የነገ ቤት በዚያ መልስ ውስጥ አለ።