አንበሳ ያላመደችውን ሴት ወደ ጓዳ የመለሳት ማነው?

"ተረት ተረት!" ሲባል "የላም በረት!" ብሎ ያላደገ ከመካከላችን ማን አለ? ፊደል ሳንቆጥር በፊት ብልጥና ሞኝ፣ ደግና ክፉ ማለት ምን እንደሆነ የተማርነው በተረት ነው። እንግዲህ ይኸው የመጀመሪያ ትምህርት ቤታችን እኅቶቻችንን ምን አስተማራቸው? ብለን ስንጠይቅ፣ "ኧረ ተዉ፣ ተረት እኮ ነው!" የሚሉን ወንድሞች አሉ። እኛም "አዎን፣ ተረት ነው፤ የምንጠይቀውም ስለዚሁ ነው" እንላቸዋለን። እንቅልፍ ሊወስደው ባለ ሕፃን ጆሮ ውስጥ የገባ ነገር በቀላሉ አይወጣምና።

የአንበሳውን ፀጉር ተረት እንውሰድ። ባሏ ፊት የነሳት ሴት መድኃኒት ፍለጋ ወደ አንድ አዋቂ ሽማግሌ ትሄዳለች። "ከሕያው አንበሳ ሦስት ፀጉር ነቅለሽ አምጪ" ይላታል። ሴትዮዋ ሥጋ ይዛ ጫካ ትወርዳለች። በመጀመሪያው ቀን ከሩቅ ጥላለት ትሸሻለች፤ በማግስቱ ትንሽ ትጠጋለች፤ ሲውል ሲያድር አንበሳው ከእጇ ይበላል፤ ፀጉሩንም ትነቅላለች። ይዛ ስትመለስ ሽማግሌው ምን አላት? "አንበሳውን እንዳላመድሽ ባልሽንም አላምጂው፤ በይ ወደ ቤትሽ ግቢ።" ተረቱ አለቀ።

እስቲ እንመርምረው። ይህች ሴት ፈሪ ናት? ሰው ሁሉ የሚሸሸውን አውሬ ብቻዋን ገጥማለች። ጠባዩን አጥንታለች፤ እርምጃዋን ለክታለች፤ ያሰበችውን ከዳር አድርሳለች። ወንድ ይህን አድርጎ ቢሆን ኖሮ ተረቱ የሚያልቀው የንጉሥ ልጅ ተድሮለት ነበር። የእሷ ግን ጓዳ ገብቶ ቀረ። ተረቱማ ጀግና ፈጥሮ ነበር፤ ጀግናዋን ወደ ጓዳ የመለሳት በተረቱ ጫፍ ላይ የተሰፋው ምክር ነው። ለመሆኑ ባልየውስ ምን ተጠየቀ? ምንም! ደግሞስ ወንዶቻችን ከአውሬ ጋር ሲመሳሰሉ ስድብ መሆኑ አይሰማቸውም?

ይኸው ተረት ሌላ መልክም አለው። በዚያኛው ሴትዮዋ የእንጀራ እናት ናት፤ አንበሳውን የምታላምደው እናቱ የሞተችበት ልጅ እንዲወዳት ብላ ነው። በዚህ እኛ ጠብ የለንም። እናቱን ያጣ ሕፃንን መታገሥ ፍቅር ነው። የሚደበድብ ባልን መታገሥ ግን ሌላ ነው። ተንኮሉ ያለው "ትዕግሥት" በሚለው በአንድ ቃል ሁለቱ ሲሸፈኑ ነው።

ምክር መስፋት የእኛ ብቻ ሙያ አይደለም። ፈረንሳዊው ሻርል ፔሮ በ1697 እ.ኤ.አ. የሲንደሬላንና መቶ ዓመት የተኛችውን ልዕልት ተረቶች ሲያሳትም፣ በእያንዳንዱ ተረት መጨረሻ ላይ በግጥም የተጻፈ ምክር ቀጥሎበታል። ተረቶቹ ከእሱ በፊት የነበሩ ናቸው፤ ምክሩን የቀጠለው ግን በንጉሡ አስተዳደር ያገለገለ ሰው ነው። አንደኛዋ ጫማ እስኪመጣላት ትጠብቃለች፤ ሁለተኛዋ ተኝታ ትጠብቃለች። የትም ቢኬድ ያው መጠበቅ ነው።

ተኝታ የማትጠብቀውስ? ለእሷ ጉድጓድ ተቆፍሮላታል። ከሞጆ ተነስቶ በቆቃ፣ በዓለም ጤና፣ በመቂና በዝዋይ በኩል ወደ ሐዋሳ የሚወርደውን መንገድ አብዛኞቻችን እናውቀዋለን። ከመንገዱ በስተምሥራቅ፣ በአርሲና በባሌ ኦሮሞዎች ዘንድ፣ አኮ ማኖዬ የምትባል ንግሥት ትተረታለች። የማይቻል ሥራ እያዘዘች ወንዶችን ስላስጨነቀች፣ አፉ በተሸፈነ ጉድጓድ ውስጥ ገብታ እንድትሞት ተደረገ ይባላል። "አኮ" በኦሮምኛ አያት ማለት ነው፤ ልብ በሉ! መንገዱ ሐዋሳ ሲደርስ ደግሞ ሲዳማዎች ስለ ንግሥት ፉራ ይነግሩናል፤ እሷም በዱር እንስሳ ላይ ታስራ አካሏ ተበጣጥሶ ሞተች። ከሁለቱም የሚወጣው ምክር "ሴት ከነገሠች እንዲህ ነው" የሚል ነው። ጨካኞች ነበሩ? ይሁን። ግን ጨካኝ ንጉሥ በተረት ሞልቶ የለም? እሱ ሲሞት "ከእንግዲህ ወንድ አይንገሥ" ያለ ተረት ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

እንግዲህ በዓለም ጤና ዙሪያ ሽንኩርትና ቲማቲም ስትለቅም የዋለችውን ልጅ አስቡ። ቀን የቤተሰቡን ግማሽ ኑሮ በጀርባዋ ትሸከማለች፤ ማታ "ዝም ብለሽ ጠብቂ" ትባላለች። ይህ ከተረትነት አልፎ ሕግ የሆነበት ዘመን ነበር። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ የተጠለፈችው ሴት ጠላፊዋን በፈቃዷ ካገባች ክሱ ይቀራል ይል ነበር። "ተጋቡ፤ በሰላምም ኖሩ" እንደ ማለት ነው! ተጠልፋ በሰው ቤት የተዘጋባት ልጅ "ፈቃድ" ምን ዓይነት ፈቃድ እንደሆነ ለአንባቢ እንተዋለን። ይህ የተሻረው በ1996 ዓ.ም. በወጣውና ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በጸናው አዲስ ሕግ ነው፤ ዛሬ ጠላፊ ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እሥራት ይጠብቀዋል፤ ጋብቻውም ከቅጣት አያድነውም። ከዚያ በፊት ግን፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ በአርሲ የ14 ዓመቷ ተማሪ አበራሽ በቀለ የጠለፋትን ሰው ተኩሳ ገድላ፣ ራሷን ስትከላከል ያደረገችው ነው ተብላ በፍርድ ቤት ነጻ ወጥታለች። በ2006 ዓ.ም. የታየው "ድፍረት" የተባለው ፊልም የተሠራው በዚሁ ታሪክ ላይ ነው። ይህች ልጅ ከየትኛው ተረት ተማረች? ከየትኛውም!

"ይህ የፈረንጅ አስተሳሰብ ነው" የሚሉን አይጠፉም። ሲንቄስ የፈረንጅ ነው? ሲንቄ በኦሮሞ ባህል እናት ለምትዳር ልጅዋ የምትሰጣት በትር ነው። የተበደለች ሴት እሪ ስትል ጎረቤቶቿ ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ በደለኛው እስኪታረቅና እስኪክስ ድረስም አይመለሱም። ተኝቶ መጠበቅ የት አለ? "አያቶቻችንን ሰደባችሁ" የሚሉንም አሉ። ያረጋጋን! አያቶቻችን ትዕግሥትን ያስተማሩን መውጫ በሌለበት ቤት እሱ አቆይቷቸው ስለነበር ነው። እነሱን እያከበርን በሩ ዛሬ መከፈቱን መናገር ግን የእኛ ፈንታ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ተረቱ ይቃጠል አንልም። በመጪው የዕረፍት ጊዜ ወደየቤታችን ስንሄድ ደብተር ይዘን እንቀመጥ፤ እማማዎቹ ወንዶች በሌሉበት የሚያወሩትን ተረትም እንጠይቅ። ለታናናሾቻችን ስንተርት "ከዚህ የምንማረው" የሚለውን ጅራት ቆርጠን፣ "አንቺ ብትሆኚ የአንበሳውን ፀጉር ይዘሽ ወዴት ትሄጂ ነበር?" ብለን እንጠይቃቸው። ተረት የሚያወራ ሰው ሲጨርስ "ተረቴን መልሱ" ይል የለም? አድማጭ የራሱን ተረት እንዲያወጣ ግዴታ አለበት ማለት ነው። እኅቶቻችን እስከ ዛሬ አዳምጠዋል፤ አሁን ተራው የእነሱ ነው።