«ማክሮው ተስተካክሏል» ሲባል የማን ነው?

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የብርን የምንዛሪ ተመን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ «ማክሮ ኢኮኖሚ» የሚለው ቃል ከዩኒቨርሲቲ ክፍል ወጥቶ ታክሲ ውስጥ ገብቷል። ከዚያ ዕለት በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። የዓለም የገንዘብ ድርጅትም በአራት ዓመት የሚለቀቅ 3.4 ቢሊዮን ዶላር አፀደቀ።

ለመሆኑ ማክሮ ኢኮኖሚ ምንድነው? አገርን በጠቅላላው ማየት ነው። አንድ ዳቦ ቤት ለምን ዋጋ ጨመረ የሚለው የማይክሮ ጥያቄ ነው፤ ዳቦ ቤቱም፣ አከራዩም፣ ሊስትሮውም ባንድ ዓመት ለምን ጨመሩ የሚለው ግን የማክሮ። ልዩነቱ የመጠን ብቻ አይደለም። አንድ አባወራ ወጪውን ቢቀንስ ብልህ ነው። ሁሉም ባንድ ጊዜ ቢቀንሱ ግን የአንዱ ወጪ የሌላው ገቢ ነውና ገበያው ይቀዘቅዛል፣ ሠራተኛ ይበተናል። እንግሊዛዊው ኬንስ እ.ኤ.አ. በ1936 ባሳተመው ዝነኛ መጽሐፍ ርዕስ ላይ ከወለድና ከገንዘብ አስቀድሞ የጠቀሰው የሥራ ስምሪትን ነው።

በመግለጫዎቻችን ውስጥ የሚሳሳው ይኸው ነው። የውጭ ምንዛሪ ክምችት፣ የወጪ ንግድ፣ የታክስ ገቢ በዝርዝር ይነገራል፤ ይህ ጸሐፊ የእነዚህን አስፈላጊነት አይክድም። ታኅሣሥ 2016 ላይ አገሪቱ የ33 ሚሊዮን ዶላር የቦንድ ወለድ ሳትከፍል እንደቀረች አንዘነጋም። ነገር ግን «ግሽበት ቀነሰ» ሲባል ዋጋ ቀነሰ ማለት አይደለም። የ100 ብር ዕቃ ባንድ ዓመት 30 በመቶ፣ በሚቀጥለው 15 በመቶ ቢጨምር ግሽበቱ በግማሽ ወርዷል፤ ዕቃው ግን 149 ብር ከ50 ሳንቲም ሆኗል። ደመወዙ ባለበት የቆመ የሒሳብ ሠራተኛ በዚህ ስኬት ላይ ቢያጨበጭብ ይገርመኛል።

የመንግሥት ሠራተኛ ከተመን ለውጡ በኋላ ጭማሪ አግኝቷል። የግሉስ? በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ዝቅተኛ የደመወዝ ወለልን የሚወስን ቦርድ እንደሚቋቋም ይደነግጋል። ወለሉ የት ይሁን የሚለው በእርግጥ ከባድ ጥያቄ ነው፤ ከፍ ካለ ትንንሽ ድርጅቶች ሠራተኛ ይቀንሳሉ። ሆኖም በቀጣዩ መግለጫ ከዶላር ክምችቱ ጎን የደመወዝ የመግዛት አቅም በአኃዝ ይቀመጥልን።