የነፍስ አባትም የነፍስ አባት ያስፈልገዋል

የመስቀል በዓል ሲቃረብ ከአዲስ አበባ ወደ ወልቂጤ የሚወስደው የጅማ መንገድ በተጓዦች ይጨናነቃል። በንግድና በልዩ ልዩ ሥራ በየከተማው ተበትኖ የሚኖረው የጉራጌ ተወላጅ ወላጆቹን ለመጠየቅ ወደ አገሩ የሚመለስበት ወቅት ነውና። በዓሉ ግን የደመራና የክትፎ ብቻ አይደለም። ዓመቱን ሙሉ ተቀያይመው የከረሙ ወገኖች በሽማግሌዎች ፊት ይቅር የሚባባሉበት፣ ልጆችም የወላጆቻቸውን ምርቃት የሚቀበሉበት ነው። በዚህ ዕርቅ ውስጥ የሃይማኖት አባቶች ድርሻ ከፍ ያለ መሆኑ ይታወቃል። ለመሆኑ ሌላውን የሚያስታርቀው አባት የራሱን ልብ የሚመረምረው መቼ ነው? ጥያቄው የግል ጉዳይ ይምሰል እንጂ ውጤቱ የአደባባይ ነው።

በአሁኑ ጊዜ የመንፈሳዊ መሪ ውሎ እጅግ የተጣበበ ነው። እንደ ወልቂጤ ባለች፣ ኦርቶዶክሳውያን፣ ካቶሊካውያንና ወንጌላውያን ከሙስሊም ወገኖቻቸው ጋር ተጎራብተው በሚኖሩባት ከተማ፣ አንድ የደብር አስተዳዳሪ ወይም መጋቢ የሕንፃ ኮሚቴ ይመራል፤ ባልና ሚስት ይሸመግላል፤ ለቅሶ ይደርሳል፤ ስለ ከተማዋ ሰላም ሲመከርም ይጠራል። ሁሉም ተገቢ ተግባር ነው። ነገር ግን ጊዜ ሲያጥር በቅድሚያ የሚቀነሰው ለግል ጸሎትና ለንባብ የተመደበው ሰዓት ነው። ከስብሰባ የቀረ ሰው ስሙ በቃለ ጉባኤ ይመዘገባል፤ ከጸሎት የቀረውን ግን የሚመዘግበው የለም።

የአባቶች አለመግባባት ለምእመናን ምን ያህል ከባድ እንደሆነ በ2015 ዓ.ም. ታይቷል። ጥር 14 ቀን፣ ከወልቂጤ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀው በወሊሶ፣ ከቅዱስ ሲኖዶስ ዕውቅና ውጭ የተፈጸመው የ26 ኤጲስ ቆጶሳት ሹመት የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንን ለመከፈል አደጋ አጋልጧት ነበር። በተከተለው ሁከት የሰው ሕይወት ጠፍቷል። ሲኖዶሱ ምእመናን በነነዌ ጾም ጥቁር ለብሰው እንዲጸልዩ ጥሪ አቀረበ፤ የካቲት 8 ቀንም ስምምነት ተፈረመ። የክርክሩ መነሻ ከሆኑት መካከል በቋንቋ የመገልገልና የአስተዳደር ጥያቄዎች ነበሩ። ለእነዚህ ጸሎት የአሠራርን መልስ አይተካም። ዳሩ ግን ትናንት ካወገዙት ወንድም ጋር በአንድ ጠረጴዛ ለመቀመጥ፣ በሰው ፊት ከመዋረዱ በፊት በፈጣሪው ፊት መዋረድን የለመደ ልብ ያስፈልጋል።

ሥልጣንና የግል ሕይወት እንዴት እንደሚገናኙ ለመረዳት የሦስተኛውን ፓትርያርክ የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን ታሪክ ማስታወስ ይጠቅማል። ለመንበሩ የተመረጡት በ1968 ዓ.ም.፣ አቡነ ቴዎፍሎስ በደርግ ከመንበራቸው ተነሥተው በታሠሩበት ዘመን በመሆኑ፣ የሹመታቸው አግባብነት ሲያከራክር ኖሯል። ይሁን እንጂ አባ መላኩ እየተባሉ በወላይታ በምንኩስናና በስብከት ሲኖሩ የያዙትን የተጋድሎ ሥርዓት በመንበሩም ላይ አልተዉትም። በ1980 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ ባዶ እግራቸውን በመሄድና በጽኑ ጾም ይታወቁ ነበር። ሹመታቸውን የሚነቅፉ እንኳ ኑሯቸውን ለመንቀፍ ይቸገሩ ነበር። የግል ሕይወት የሥልጣንን ክርክር አይፈታም፤ ለመሪው ቃል ግን ክብደት ይሰጠዋል።

መሪው ብቻውን እንዳይቀር የሚያደርግ ሥርዓትም ከጥንት ጀምሮ አለ። በኦርቶዶክስ ትውፊት ካህኑ ሌላውን ይናዝዛል እንጂ ራሱን አይናዝዝም፤ እርሱም የነፍስ አባት ሊኖረው ይገባል። በ1996 ዓ.ም. የእምድብር ሀገረ ስብከት የተቋቋመላት የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንም ካህናቷ በየዕለቱ የሰዓታት ጸሎት እንዲያደርሱና ለሱባኤ ጊዜ እንዲለዩ በሕጓ ታዛለች። በብዙዎቹ ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ መጋቢው በሽማግሌዎች ይመከራል፤ ይታረማልም። እንግዲህ የጎደለው ሥርዓት አይደለም። የጎደለው መሪው በሥርዓቱ የሚገለገልበት ጊዜ፣ አንዳንዴም እውነቱን የሚነግረው ደፋር ወዳጅ ነው።

በዚህ ረገድ ምእመናንም ከኃላፊነት ነጻ አይደሉም። በሐዋርያት ሥራ እንደምናነበው፣ ሐዋርያት የማዕድን አገልግሎት ለሰባቱ ዲያቆናት አስረክበው ለጸሎትና ለቃሉ ተግተዋል። ዛሬም የሒሳቡን፣ የግንባታውንና የግዥውን ሥራ ሙያው ያላቸው ምእመናን ቢረከቡ አባቶች ወደ ዋና ተግባራቸው ይመለሳሉ። አባቱን ሌሊትና ቀን ለጉዳዩ የሚጠራ ሕዝብ፣ የሚጸልይለት አባት ማጣቱን ዘግይቶ ይረዳል።

በዘንድሮው መስቀል ወደየቤቱ የሚገባው ወገን ከወላጆቹ ምርቃትን፣ ከአባቶቹም የዕርቅን ቃል ይጠብቃል። ያ ቃል እንዲደመጥ፣ ደመራው ሳይለኮስ በፊት የተኳረፉ አባቶች አስቀድመው እርስ በርሳቸው ይቅር ሊባባሉ ይገባል። የሕዝቡ ዕርቅ የሚጸናው የአስታራቂዎቹ ዕርቅ ሲቀድም ነውና።

መልካም የመስቀል በዓል ይሁንልን!