ገበታውን ከመሸሽ አበላሉን ማወቅ

በአገራችን ሰው ከሰው ጋር የሚወዳጀው በገበታ ነው። እንግዳ ከቤት ሲገባ እጁ ይታጠባል፤ ከዚያም «በሞቴ፣ አፈር ስሆን» እየተባለ ይጎርሳል። ይህ ልማድ መልካም ነው፤ እኛም እንወደዋለን። ዳሩ ግን ከዚሁ ከመልካሙ ገበታ አጠገብ ተቀምጦ እንደ ባዕድ የሚሳቀቅ ሰው መኖሩን ብዙዎቻችን አናስተውልም። ዛሬ ልናነሣው ያሰብነው የዚህን ሰው ነገር ነው።

ይህ ሰው አንጀቱ በቀዶ ጥገና ተቆርጦ ጫፉ በሆዱ ላይ የተከፈተለት፣ ዓይነ ምድሩም በዚያ በኩል ከሆዱ ላይ በተለጠፈ ከረጢት የሚጠራቀምለት ነው። መውጫው ከትልቁ አንጀት የተከፈተ ሲሆን ኮሎስቶሚ፣ ከቀጭኑ አንጀት የተከፈተ ሲሆን ኢሊዮስቶሚ ይባላል። ወደዚህ የሚያደርሰው ምክንያት ብዙ ነው። በአገራችን ሆስፒታሎች እጅግ ከታወቁት አንዱ የትልቁ አንጀት መጠምዘዝ ነው፤ የተጠመዘዘው ክፍል ደም አጥቶ ሲሞት ተቆርጦ ይወጣል፤ ወዲያው መልሶ መስፋት የማያስተማምን ሲሆን ጫፉ በሆድ ላይ ይከፈታል። የአንጀት ካንሰር፣ የጥይትና የስለት አደጋም ለዚሁ ያበቃሉ። መቀመጫቸው ሳይከፈት የሚወለዱ ሕፃናትም አሉ። ለአንዳንዱ መውጫው ከጊዜ በኋላ ይዘጋለታል፤ ለሌላው ግን የዕድሜ ልክ ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1793 ዓ.ም. ዱሬ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም በብሬስት ከተማ መቀመጫው ሳይከፈት ለተወለደ ሕፃን በሆዱ ላይ መውጫ ከፈተለት፤ ያ ሕፃን አድጎ 45 ዓመት ያህል ኖረ። በ1954 ደግሞ ኤሊሰ ሶረንሰን የምትባል የዴንማርክ ነርስ፣ ከቀዶ ጥገና በኋላ ከቤት መውጣት ላፈረች እኅቷ ብላ ከቆዳ ላይ የሚጣበቀውን ከረጢት አሰበችላት። እንግዲህ ሐኪሙም ነርሷም የደከሙት ሰው እንዲኖርና ከሰው እንዳይለይ ነው። ታዲያ ከሞት ተርፎ ከገበታ የሚለይ ሰው ድካማቸውን በግማሽ ያስቀረዋል ማለት ነው።

የአንድ ወዳጃችንን ታሪክ እንንገር። ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ኢሊዮስቶሚ ከተሠራለት ሦስት ወር ሳይሞላው ከአንድ ክርስትና ቤት ተጠራ። ጨዋታው ደርቶ ነበርና የገብስና የሽንብራ ቆሎ እየዘገነ ሲጨዋወት አመሸ፤ በዚያም ላይ ከግራና ከቀኝ ጉርሻ ወረደበት። ሌሊት ሆዱን ይቆርጠው ጀመር፤ ከረጢቱ ግን ባዶ ነበር። ሲነጋጋ ያስመልሰው ስለ ጀመረ ወደ ሐኪም ተወሰደ፤ በደም ሥሩ ፈሳሽ ተሰጠው፤ ያለ ቀዶ ጥገናም ተከፈተለት።

ከዚያች ሌሊት ወዲህ ወዳጃችን ምግብን እንደ ጠላት ያይ ጀመር። ዓመት ሙሉ ከነጭ ሩዝ፣ ከዳቦና ከሻይ በቀር አልቀምስ አለ። ከሳ፤ ጉልበቱ ደከመ፤ የምሳ ሰዓት ሲደርስ ከባልደረቦቹ እየተነጠለ ብቻውን ይቀመጥ ነበር። ባልደረቦቹም ምክንያቱን ስለማያውቁ «ኮራ» አሉት። በመጨረሻ አንዲት ነርስ ያልተጠየቀውን ጥያቄ ጠየቀችው። «ምን በላህ?» አላለችውም፤ «እንዴት አድርገህ በላኸው?» አለችው እንጂ። የእኛም ሐሳብ በሙሉ በዚህች ጥያቄ ውስጥ ይገኛል።

አንጀት በምግብ የሚዘጋበት ምክንያት ግልጽ ነው። መውጫው በሆድ ሥጋ መካከል የሚያልፍበት ቦታ ጠባብ ነው። በደንብ ያልታኘከ ገለባ፣ ክርና ፍሬ እርስ በርሱ ተያይዞ እዚያ ሲደርስ ይወተፋል። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ ከ6 እስከ 8 ሳምንታት ደግሞ አንጀቱ ስለሚያብጥ መንገዱ ይብሱን ይጠባል። ስለዚህ በእነዚያ ሳምንታት ለስላሳና ገለባ የሌለው ምግብ መብላት ይገባል። ስሕተቱ የሚመጣው የስምንት ሳምንቱ ትእዛዝ የዕድሜ ልክ ሕግ ሲሆን ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚባለው ዓይነት ነው። አዲስ ምግብ በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ፣ ያውም በጥቂቱ ይቀመሳል፤ ጉርሻው ያንሳል፤ እንደ ገንፎ እስኪልም ይታኘካል። ሆድ ከተቀበለው በሌላ ቀን መጠኑ ይጨመራል፤ ካልተቀበለው ለጥቂት ሳምንታት ይቆይና እንደገና ይሞከራል። የበሉትንና የሆነውን በደብተር መጻፍም ይጠቅማል። ለአንዱ የተስማማው ሌላውን ሊያውከው ይችላልና ከጎረቤት የተቀዳ የክልከላ ዝርዝር አይበጅም።

ደግነቱ የአገራችን ወጥ ቤት የሥራውን እኩሌታ አስቀድሞ ሠርቶታል። ሙሉ ሽንብራ ያስቸግራል፤ ተፈትጎና ተፈጭቶ ሽሮ ሲሆን ግን ገለባው የለም። የአተር ንፍሮ ያስፈራል፤ የአተር ክክ በደንብ ሲበስል ይልማል። ሱፍ ተወቅጦና ተጣርቶ ይጠጣል፤ ገብስ በሶ ሆኖ ይበጠበጣል። ጎመን አገዳው ወጥቶ፣ ደቅቆ ተከትፎ፣ ጊዜ ተሰጥቶት ከበሰለ የሚያስፈራ አይደለም። በወጥ የራሰ እንጀራ፣ ድንች፣ ዱባ፣ ካሮት፣ እንቁላል፣ ዓሣ፣ የበሰለ ሙዝና ፓፓያ ለጀማሪው ይመቻሉ። ብርቱካን ከነሽፋኑ ከመዋጥ ቢጨመቅ ይሻላል። ብርቱ ጥንቃቄ የሚያሻቸው ቆሎ፣ ፈንዲሻ፣ የበቆሎ እሸት፣ ኦቾሎኒ፣ ክር የበዛበት ማንጎና ቆጮ፣ ፍሬው የበዛ በለስ፣ ጅማት ያለው ሥጋና ቋንጣ ናቸው። ቀይ ሥር የበላ ሰው ደግሞ ከረጢቱ ቀልቶ ቢያይ አይደንግጥ፤ ቀለሙ ነው።

የውሃ ነገር እንደ ምግቡ ሁሉ ያሳስባል። ውሃንና ጨውን መጥጦ የሚያስቀረው ትልቁ አንጀት ነው። ኢሊዮስቶሚ ያለው ሰው ይህ ስለ ጎደለበት በየቀኑ ብዙ ፈሳሽና ጨው ያጣል፤ ስለዚህ በቀን ውስጥ ከፋፍሎ መጠጣት፣ ምግቡንም አልጫ ብቻ አለማድረግ ይገባዋል። ከረጢቱ ከወትሮው በላይ ሲፈስ ንጹሕ ውሃ ብቻ መጋት አይበቃም፤ ኦ.አር.ኤስ. የሚባለውን ዱቄት በታዘዘው ልክ በጥብጦ መጠጣት ያሻል። ጿሚ የሆነም ሰው ያለ ውሃ ረጅም ሰዓት ከመቆየቱ በፊት ሐኪሙንና የሃይማኖት አባቱን ያማክር። ኮሎስቶሚው ከትልቁ አንጀት መጨረሻ የተከፈተለት ሰው ግን ጭንቀቱ ሌላ ነው። እርሱን የሚያስቸግረው ድርቀት ስለሆነ አትክልትና ውሃ ወዳጆቹ ናቸው፤ የኢሊዮስቶሚውን ክልከላ ቢቀዳ ራሱን ይጎዳል።

የመዘጋቱን ምልክት ባለቤቱም ቤተ ሰቡም ማወቅ አለባቸው። ከረጢቱ ለ4 ወይም ለ6 ሰዓት ያህል ያለ ልማዱ ባዶ ሲሆን፣ ወይም ቀጭን የሚሸት ውሃ ብቻ ሲወጣ፣ ሆድ ሲነፋና ሲቆርጥ፣ መውጫውም ሲያብጥ ነገሩ ተጀምሯል። ያን ጊዜ ጠጣር ምግብ ይቆማል፤ ሰውየው ካላስመለሰው ሙቅ ነገር ይጠጣል፤ ጉልበቱን ወደ ደረቱ ሰብስቦ ይተኛል፤ በመውጫው ዙሪያ ሆዱን በቀስታ ያሻል። ኢሊዮስቶሚ ያለው ሰው የሚያስቀምጥ መድኃኒት ፈጽሞ አይውሰድ። ማስመለስ ከመጣ፣ ሕመሙ ከበረታ ወይም ሰዓታት አልፈው ካልተከፈተ ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው።

አንዳንዶች «ከመታመም መራብ ይሻላል፤ ሩዝና ዳቦ ምን አነሰው?» ይሉ ይሆናል። ፍርሃታቸውን አንንቅም፤ ያችን ሌሊት ያየ ሰው ቢፈራ አይፈረድበትም። ነገር ግን ምግብን ማጥበብ ከመዘጋት ሙሉ ዋስትና አይሰጥም። የቀዶ ጥገና ጠባሳ ወይም በመውጫው አጠገብ የሚፈጠር እብጠትም አንጀትን ሊዘጋ ይችላል፤ ሁልጊዜ ጥፋቱ የምግብ አይደለም። ከረጢቱ እንዳይሞላ ብለው ምግብ የሚዘሉም አሉ፤ ባዶ አንጀት ግን ነፋስ ያበዛል፣ ሰውነትም ይጎዳል። በሩዝና በዳቦ ብቻ የሚኖር ሰው ሞትን የሸሸ ይመስለዋል እንጂ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ከኑሮው እየተነሣለት ነው።

የቀረው የእኛ የጤነኞቹ ድርሻ ነው። ባልደረባችን ትንሽ ሲጎርስና ቀስ ብሎ ሲያኝክ አናቻኩለው፤ ቆሎውን ሲያልፍ «ናቀን» አንበለው። ፍቅር በጉርሻ መጠን አይለካም። «በሞቴ» ብሎ ያስገደደ ሰው ያን ሌሊት ከሕመምተኛው ጋር አያድርም። በአንጻሩም ባለ ከረጢቱ ወንድማችን ቢያንስ ለአንድ ለሚያምነው ባልደረባ ነገሩን ይንገር፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ተብሏልና።

ያ ወዳጃችን ዛሬ ከባልደረቦቹ ጋር ምሳ ይበላል። ሽሮውን በራሰ እንጀራ፣ ጎመኑን በደቃቁ ተከትፎ ይበላል፤ ውሃውም ከአጠገቡ አይጠፋም። ከሁሉ በኋላ ከገበታው የሚነሣው እርሱ ነው፤ የሚያኝከው ስለ በዛ ነው። እኛም ተነሥተን ከመሄድ እስኪጨርስ ድረስ እየተጫወትን መጠበቅን ተምረናል።