ዘጌን አይቶ መመለስ ብቻ አይበቃም

በዚህ ዓመት ክፍላችን ዘጌን ለመጐብኘት ሄዶ ነበር። ስለ ጉዞው ደስታ ጓደኞቼ ብዙ ይናገራሉ፤ እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ኅሊናዬን የሚከነክነኝን አንድ ነገር ለመግለጽ እወዳለሁ።

ከባሕር ዳር በጀልባ ተነሥተን አንድ ሰዓት ያህል ተጉዘን ደረስን። ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የሚያወጣው መንገድ በቡና መካከል ያልፋል፤ ከቡናው በላይ ታላላቅ ዛፎች ጥላቸውን ዘርግተዋል። በክቡ ቤተ ክርስቲያን የመቅደሱን ሥዕሎች ስናይ፣ ሲጫወት የመጣው ሁሉ ዝም አለ።

በጥንቱ የገዳም ሥርዓት በዘጌ ማረስና ከብት ማርባት ክልክል ነው። በአቡነ በትረ ማርያም ጸሎት ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ለሕዝቡ መተዳደሪያ ተሰጡ ይባላል። ጣናና አካባቢው በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር መዝገብ ገቡ፤ አባቶቻችን ግን ከዚያ እጅግ አስቀድመው ለደኑ ሕግ አቁመውለት ነበር።

ስንመለስ ከወደቡ አጠገብ ማገዶ የተጫነበት ታንኳ አየሁ። እኩያዬ የሚሆነውን ቀዛፊ «ይህ ወዴት ይሄዳል?» ብለው፣ «ወደ እናንተው ከተማ ነዋ!» አለኝ። አፈርሁ፤ በቤታችን እንጀራ የሚጋገረው በሚገዛ እንጨት ነውና። ለካስ ጧት ያደነቅሁት ደን ማታ ከምጣዳችን ሥር ይነድ ኖሯል!

አንዳንድ ጓደኞቼ ጥፋቱን በሻጩ ላይ ጣሉት። እኔ ግን አልስማማም። ቡና የሚለቀመው በዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ ረኃብ ግን ዕለት ዕለት ይጠይቃል። ደግሞስ ገዢ ሳይኖር ሻጭ ከየት ይመጣል?

ይህን ለእናቴ ብነግራት፣ «መብራት በጠፋ ቀንሳ በምን ልጋግር ልጄ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። የሆነ ሆኖ ከዚያ ወዲህ እንጨቱ ከየት እንደ መጣ ሳትጠይቅ አትገዛም፤ ተተክሎ ያደገ ባሕር ዛፍ ካገኘች እርሱን ትመርጣለች።

ስለዚህ ወላጆቻችን፣ አቅም የፈቀደላችሁ በኤሌክትሪክ ምጣድ ጋግሩ፤ ያልፈቀደላችሁም ስትገዙ ጠይቁ። ከዘጌ ሰው እንጨቱን ሳይሆን ቡናውን እንግዛው። መምህሮቻችንም በሚመጣው ዓመት ተማሪውን ወደ ዘጌ ስትወስዱት፣ ከሥዕሉ ጋር ታንኳውንም አሳዩት። አባቶች በሥርዓት ያቆዩትን ደን እኛ በምጣድ ሥር ከጨረስነው፣ ለታናናሾቻችን የምናስጐበኛቸው ምን ይሆን?