የአመዱ ትንበያ ለአውሮፕላን ብቻ ለምን ይሆናል?

ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. እሁድ ረፋድ ላይ አፋር ውስጥ ሃይሊ ጉቢ ፈነዳ። አመዱ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ሰማይ ወጣ፤ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመንንና ኦማንን አልፎ በማግስቱ ማታ ዴልሂ ደረሰ። መንገዱ 4,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ህንድ ውስጥ አየር መንገዶች በረራ ሰረዙ። ይህን ሁላችሁም ሰምታችኋል። እኛ የምንጠይቀው ሌላ ነው፤ ሰማይ ላይ ያለውን አመድ ዓለም እየተከታተለ ሲለካው፣ አፍዴራ መሬት ላይ ያረፈውን ማን ለካው?

ሰማዩን የሚጠብቀው ሥራ የሚያስቀና ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 አንድ የብሪቲሽ ኤርዌይስ አውሮፕላን ኢንዶኔዥያ ውስጥ ከጋሉንጉንግ ተራራ የወጣ አመድ ውስጥ ገብቶ አራቱም ሞተሮቹ ጠፍተውበት ነበር፤ እግዜር ሲረዳ እንደገና ተነሡ። ከዚያ በኋላ ነው ዓለም በዘጠኝ የአመድ ማስጠንቀቂያ ማዕከላት የተከፋፈለው። የእኛ አካባቢ በፈረንሳይ ቱሉዝ ሥር ነው። የሳተላይት ባለሙያው ፍንዳታው መቼ እንደጀመረና ምን ያህል እንደወጣ ይናገራል፤ የእሳተ ገሞራ አጥኚው የአመዱን ብዛትና የብናኙን መጠን ይገምታል፤ የአየር ጠባይ ባለሙያው ነፋሱን ያመጣል፤ የኮምፒውተሩ ሞዴል ሁሉንም ደምሮ አመዱ ነገ የት እንደሚሆን ያሳያል። ነፋስ የሚያውቀው ሰው ተራራውን አያውቅም፣ ተራራ የሚያውቀውም ነፋሱን፤ ስለዚህ ተባብረው ካልሠሩ ከንቱ ነው።

ለአውሮፕላን የሚደረገውን ጥንቃቄ አንቃወምም። እ.ኤ.አ. በ2010 የአይስላንዱ ተራራ የአውሮፓን ሰማይ ለስድስት ቀን ያህል ሲዘጋ፣ ኬንያ ውስጥ የአበባ ገበሬዎች ለገበያ የቆረጡትን ጽጌረዳ ጥለዋል። ያ ኪሳራ ነው ሳይንቲስቶቹንና አየር መንገዶቹን ይበልጥ ያቀራረባቸው፤ የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅትም ግብረ ኃይል አቋቋመ። «አመድ አለ ወይስ የለም?» የሚለው ጥያቄ «ምን ያህል አለ?» ወደሚለው ተለወጠ።

ወደ መሬቱ እንምጣ። የእሳተ ገሞራ አመድ የምድጃ አመድ አይደለም፤ የተፈጨ ድንጋይና ብርጭቆ ነው። በውሃ አይሟሟም፣ ሲረጥብ ይከብዳል፣ የመኪና ፊልትሮ ይደፍናል፣ በደረቅ ጨርቅ ከጠረጋችሁት መስታወት ይቧጭራል። ከብት ላይ ደግሞ ይብሳል። አንዳንዱ አመድ ፍሎሪን ይዞ ሣር ላይ ያርፋል። አይስላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1783 ላኪ ሲፈነዳ በተመረዘ ግጦሽና በረሃብ ከአገሪቱ በጎች አብዛኞቹ አልቀዋል። አመድ ሁሉ እንዲህ አይመርዝም፤ የሚመርዘውን ከማይመርዘው የሚለየው ናሙና ወስዶ መመርመር ነው። በአፍዴራ ባለሥልጣናቱ የሰው ሕይወት አለመጥፋቱን፣ ግን መንደሮች በአመድ ተሸፍነው ከብቱ የሚግጠው ማጣቱን ተናግረዋል። አርብቶ አደሩ ታዲያ መንጋውን ወዴት ይንዳ? ሰሜን? ደቡብ? ይህንን የሚነግረው ካርታ ያስፈልገዋል፤ የሚያስፈልገውም በዚያው ቀን ነው።

ካርታ በሌለበት ዋጋ የሚያወጣው ወሬ ነው። «አመድ የበላ ከብት ነው» ከተባለ፣ ከንጹሕ ወረዳ የመጣው ፍየልም አብሮ ይረክሳል፤ ደላላው ያተርፋል፣ ባለ ከብቱ ያለቅሳል። የአፍዴራ ጨውም እንደዚሁ ነው። አመዱ የደረሰበትና ያልደረሰበት ቦታ ካልተለየ፣ አንድ ስልክ ብቻ ገዢን ያሸሻል።

የመሬቱን ትንበያ ማስላት ይቻላል። አሜሪካኖቹ አሽ ስሪ ዲ የሚሉት ሞዴል አመዱ የት ላይ ምን ያህል ውፍረት እንደሚኖረው ያሰላል። ለሰማዩ ግን ደንብ አለ፣ ተጠያቂ አለ፤ ለግጦሹ ማስጠንቀቂያ አውጣ ተብሎ የተገደደ የለም። እ.ኤ.አ. በ2005 ዳባሁ ላይ መሬት ከተሰነጠቀ ወዲህ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር አፋርን ሲያጠኑ ኖረዋል። ዕውቀቱም ትውውቁም አለ። የምንጠይቀው የአመድ መውደቅ ትንበያ በአፋርኛ፣ በአማርኛና በሶማልኛ በሬዲዮ እንዲነገር ነው። ወደ ኤርትራና ወደ ጅቡቲ ያለው ወገንም ይስማው። በሰኔ 2003 ዓ.ም. ናብሮ ኤርትራ ውስጥ ፈንድቶ አመዱ ወደኛም መጥቶ የአዲስ አበባ በረራዎችን አውኮ ነበር፤ ለአመድ ኬላ የለውም።

እኛም ባዶ እጃችንን አንጠይቅም። ሳተላይት አመዱ በአንድ ቆርቆሮ ላይ ስንት ሚሊ ሜትር እንደወፈረ አያይም፤ ጨው ሊጭን የሄደ ሹፌር ግን ያያል። ሞዴሉ ትክክል መሆኑ የሚታወቀው እንዲህ ካለው መሬት ላይ ከተለካ ቁጥር ጋር ሲነጻጸር ነው። ስለዚህ ሌላ ጊዜ አመድ ከወረደባችሁ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፤ ነፋስ ወይም ዝናብ ሳይወስደው ጠፍጣፋ ነገር ላይ ያረፈውን ማስመሪያ አቁማችሁበት ፎቶ አንሡ። ጥቂት ደረቅ አመድ በንጹሕ ፌስታል ቋጥራችሁ ቦታውን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፉበትና ለዩኒቨርሲቲ ሰዎች አድርሱ። ሰዓቱ የሀበሻ ይሁን የፈረንጅ መጻፍ አትርሱ፤ የስድስት ሰዓት ልዩነት ለሞዴሉ ብዙ ነው።