ወደ ሳነቴ ከመውጣታችን በፊት



እኛ የቦንጋ ሰዎች ዳገት አያስፈራንም እንላለን። ከገበያ ወደ ቤት ዳገት፣ ከትምህርት ቤት ወደ መስጊድ ዳገት ነው። ባለፈው ዓመት ከወጣቶቻችን ጋር ወደ ባሌ ተራሮች ስንጓዝ የያዝነው ትልቁ ስንቅ ይኸው ትምክሕት ነበር። ተራራው ግን አስተማረን። ዘንድሮ ዳግም ስንዘጋጅ፣ ልጆቻቸውን ለጉዞ የሚልኩ ወላጆችና ተጓዥ ወጣቶች ይጠቀሙበት ዘንድ የተማርነውን ልናካፍል ወደድን።

ቦንጋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከሳነቴ አምባ ላይ የሚነሣው ቱሉ ዲምቱ ግን 4,377 ሜትር ነው። እዚያ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚገኘው 60 በመቶ ያህል ብቻ ነው። በጥንቱ የበረዶ ዘመን ይህን ከፍታ የበረዶ ግግር ሸፍኖት ነበር። ዛሬ ግግሩ ባይኖርም በበጋ ሌሊት ውሃ ይረጋል።

ይሁንና ሰው በዚያ መኖር አይችልም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት እንደሚያስረዳው፣ ፊንጫ ሀበራ በተባለው፣ 3,469 ሜትር ላይ በሚገኘው ዋሻ ከ40 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ሰዎች ግዙፍ ፍልፈል እያደኑ ኖረዋል። ሰውነት ከፍታን ይለምዳል፤ ግን ጊዜ ይፈልጋል። እኛ የነፈግነው ይህን ጊዜ ነበር።

አንድ ቀን ለማትረፍ ብለን ከጎባ በመኪና ወጥተን በዚያው ዕለት ከ4,000 ሜትር በላይ አደርን። ከመካከላችን ብርቱ የነበረው፣ በእግር ኳስ የሚታወቀው ልጅ፣ ማታ እራት አልበላም። ስንጠይቀው «ደኅና ነኝ» አለን። ሌሊት አስመለሰው። ጎሕ ሲቀድ ቀጥ ብሎ መራመድ አቅቶት ተንገዳገደ። ያኔ ደንግጠን ወደ ታች ይዘነው ወረድን። አልሐምዱሊላህ፣ በወረድን መጠን እየተሻለው ሄደ። በኋላ «ኡስታዝ፣ ጉዞው በእኔ ምክንያት እንዳይቋረጥ ፈርቼ ነው» አለን። ጥፋቱ የእርሱ አልነበረም። አቻኩለን ያወጣነው፣ ራስ ምታትን እንደ ድክመት እንዲቆጥር ያደረግነው እኛ ታላላቆቹ ነን።

ግመልን ማሰር ከተወኩል ጋር እንደማይጋጭ ሁላችንም እናውቃለን። የዘንድሮው ዝግጅታችን ይህ ነው፦

አንደኛ፣ ለሁለት ወር ሸክም ይዘን ዳገት እንወጣለን። ይህ እግርን ያጠነክራል እንጂ ከከፍታ ሕመም አያድንም፤ ብርቱውም ደካማውም እኩል ይታመማል። የልብ ወይም የአስም ሕመም ያለበት አስቀድሞ ሐኪም ያማክራል።

ሁለተኛ፣ 3,100 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ዲንሾ ሁለት ሌሊት እናድራለን። ከዚያ በኋላ የምናድርበት ቦታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ አይጨምርም።

ሦስተኛ፣ ጠዋትና ማታ እያንዳንዱ ስለ ራሱ ይናገራል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ ወይም ማዞር ያለበት ከፍ አይልም። የተንገዳገደ፣ ወይም አርፎ ተቀምጦም ትንፋሽ ያጠረው፣ ሌሊትም ቢሆን ወዲያው ይወርዳል። ዋናው መድኃኒት መውረድ ነው።

አራተኛ፣ የሱፍ ካልሲ፣ ወፍራም ብርድ ልብስና ዝናብ የማያስገባ ካፖርት እንይዛለን። ውዱእ አድርጎ ኹፍ ያጠለቀ መንገደኛ ለሦስት ቀንና ሌሊት በላዩ ማበስ እንደሚችልም ለወጣቶቹ አስተምረናል። በዚያ ብርድ ይህ ምን ያህል ማቅለል እንደሆነ የቀመሰው ያውቀዋል።

ከሁሉ የከበደን የልጁን እናት ዳግመኛ ማስፈቀድ ነበር። ቤታቸው ሄደን የሆነውን ሳንደብቅ ነገርናቸው። ቡና አፍልተው፣ ረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆዩ። በመጨረሻ ወደ ልጃቸው ዞረው፣ «ሲያምህ አመመኝ የምትል ከሆነ ሂድ» አሉት። ወደ እኛም ዞረው «እናንተም ስትሳሳቱ እንዲህ የምትናገሩ ከሆነ ውሰዱት» አሉን።

አደራውን ተቀብለናል። አላህ በሰላም ያውጣን፣ በሰላም ይመልሰን። ወሰላሙ ዐለይኩም።